ጠዋት የሚሰበር ብረት

ይድረስ ለአባቴ፤

አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎን ስሜ የዚያኑ የጉልበትዎን ጤና እጠይቃለሁ። ደረጃ ስወጣ እንደ አሮጌ በር ይጮሃል ብለው የጻፉልኝ እንዴት ሆነ? የላክሁልዎን ቅባት ጠዋትና ማታ ይቀባሉ ወይስ እንደ ልማድዎ ‹ለክፉ ቀን ይቀመጥ› ብለው መደርደሪያ ላይ አቁመውታል? ክፉ ቀን ማለት እኮ ጉልበት የታመመበት ቀን ነው። እናቴስ እንዴት ናት? ዓይኗን ታየች? መነጽሩን የምታደርገው ዓይኗ ላይ ሳይሆን ግንባሯ ላይ ነው ብላ እህቴ ስሞታ ልካለች። የእህቴ ባል፣ ልጃቸው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ናቸው? የሁላችሁም ናፍቆት አንድ ላይ ሲመጣ ከባድ ነው።

እኔ ተመስገን ደኅና ነኝ። ብርዱ ግን ዘንድሮ ለጉድ ነው። የተከራየሁት ክፍል መስኮቱ አልገጥም ብሎ በጋዜጣ ጠቅጥቄዋለሁ፤ አልጋዬ ላይ ሆኜ የአምናን ወሬ አነባለሁ። አከራዬ ‹በወሩ መጨረሻ አሠራዋለሁ› ይሉኛል፤ የትኛው ወር እንደሆነ ግን እስካሁን አልነገሩኝም። እናቴ ‹እስካሁን ሰው አላገኘሽም ወይ› ብላ ላስጠየቀችኝ፣ ስውል የምውለው ከብረት ጋር ነው፣ ብረት ደግሞ ሽማግሌ አይልክም በሏት።

አባዬ፣ ዛሬ የምጽፍልዎ ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ስለዚያ ጠዋት ነው፤ ቤታችን ውስጥ ስሙ ስለማይነሣው። ከቤታችን በላይ ባለው ዳገት ላይ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ከሐዲዱ ሥር የተነጠፈው የብረት አግዳሚ ተሰብሮ ሁለት የጭነት ፉርጎዎች የተገለበጡበት ቀን እነሆ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። የሐዲድ ጥገና ቡድን አለቃ እርስዎ ነበሩ። ‹ዋዜማውን አግዳሚዎቹን አንድ በአንድ በመዶሻ አንኳኩቼያቸዋለሁ፤ ድምፃቸው ደኅና ነበር› ብለው ቃልዎን ሰጡ። የተሰበረው አግዳሚ ለምርመራ ተልኮ ‹ብረቱ ጤነኛ ነው› ተባለ። ብረቱ ጤነኛ ከሆነ ጥፋቱ የሰው ነው፤ ሰውየው ደግሞ እርስዎ ሆኑ።

እኔ ያኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። መርማሪው ደጃፋችን ላይ አቁሞ ‹አባትሽ ዋዜማውን መቼ ተመለሰ› ሲለኝ ‹ቶሎ መጣ፣ ገና ሳይመሽ› አልኩት። እርስዎ ‹ትኩሳት ስለነበረብኝ ቶሎ ልጨርስ ብዬ ቀደም ብዬ ነው ከቤት የወጣሁት› ቢሉ ‹ማን አየህ› ተባሉ። እናቴ አክስቴን ልትጠይቅ ሄዳ ነበር፤ ያየ ሰው ጠፋ። ውሳኔው ሲነበብ ‹ልጁም ቶሎ እንደተመለሰ መስክራለች› የሚል ነበረበት። ከዚያ ወዲያ ከሐዲዱ ወደ መጋዘን በር ጥበቃ ተዛወሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሌላ ሰው በእርስዎ መዶሻ መስመሩን ሲያንኳኳ በሩቁ ይሰሙ ነበር። አንድም ቀን ግን አላነሡብኝም። አሁን እኔ የማነሣው ለምን እንደሆነ እንዲገባዎ ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ።

የሙከራ ክፍላችን ከጥገና ጋራዡ ጀርባ ያለ ረጅም ክፍል ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ በአንድ በኩል ሦስት ማሽኖች፣ በሌላው በኩል ጠረጴዛና መዝገብ የታጨቀበት ቁም ሣጥን። ያን አግዳሚ የመረመረው ክፍል ይኸው ነው። ስቀጠር እኔ አውቅ ነበር፣ እርስዎም ያውቁ ነበር፤ ‹ሥራ ሥራ ነው፣ ሂጂ› ብቻ አሉኝ። ኃላፊያችን ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው ሰው ናቸው። ሳይለኩ የሚያምኑት ነገር ስለሌለ ሁላችንም ጋሼ ልኬት እንላቸዋለን። ሻይ እንኳ ሲቀዳላቸው ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው እስከየት እንደሞላ ያያሉ።

ዘንድሮ የመጣልን ሥራ ለእርስዎ አዲስ አይደለም። ከእንጨት አግዳሚዎቹ ግማሹ በስብሷል፣ ግማሹን ምስጥ ጨርሶታል፤ መሥሪያ ቤቱ በብረት ሊተካቸው ፈልጎ ከሦስት ዓይነት የቱ ይሻላል ብሎ ጠየቀን። አንደኛው ተራው ለስላሳ ብረት ነው። ሁለተኛው ከአሮጌ ሐዲድና ከቁርጥራጭ ቀልጦ የተሠራ ነው፤ ጥንካሬው ይወራለታል፤ ያኔ በእርስዎ መስመር ላይ የተነጠፈውም የዚሁ ዘር ነው። ሦስተኛው አሉሚኒየም ያለበት ቅይጥ ሲሆን አይዝግም፣ ክብደቱም ቀላል ስለሆነ አንድ ጎበዝ ብቻውን ተሸክሞት ይሄዳል።

እኛ ደግሞ ሦስት ነገር እናደርጋቸዋለን፤ እንስባቸዋለን፣ እናጎብጣቸዋለን፣ በመዶሻ እንመታቸዋለን። ሲሳብም ሲጎብጥም ቅይጡ ቀድሞ እጅ ሰጠ፤ ሐዲዱ የሚታሰርበት ቀዳዳም እየሰፋ አስቸገረ። ተራው ብረት መካከለኛ ሆነ። የቀለጠው ግን ሁለቱንም ጥሎ አለፈ። የመዶሻው ማሽን ከላይ ተንጠልጥሎ እንደ ዥዋዥዌ የሚወርድ ከባድ ብረት ነው፤ ጣት የሚያህል፣ ወገቡ ላይ ጫር የተደረገ ናሙና መንገዱ ላይ እናስቀምጥና እንለቅበታለን። ናሙናው መዶሻውን ታግሎ ካዘገየው ደኅና ብረት ነው፤ መዶሻው ምንም ሳይሰማው ሰብሮት ካለፈ አይረባም።

እዚህ ክፍል የቆየ ደንብ አለ፤ ‹የመጀመሪያው ለማሽኑ ነው› ይባላል። በየቀኑ ጠዋት የሚመታው የመጀመሪያ ናሙና ውጤቱ አይጻፍም፤ ተሰብሮ ወደ ውዳቂው ሣጥን ይጣላል። ድሮ በነበረው ማሽን ዘይቱ ጠዋት ጠዋት ስለሚረጋ የመጀመሪያው ምት ልክ አይመጣም ነበር አሉ። ደንቡን ያወጡት ጋሼ ልኬት ራሳቸው ናቸው። እኔም ከተቀጠርኩ ጀምሮ ለምን ሳልል እንደዚያው ስሠራ ኖርኩ። ሰው የቆየ ነገር ይወርሳል እንጂ መቼ ይመረምራል።

ስድስት ቀን ሠራን። ተደራርበው ከላይ የተቀመጡት እነሱ ስለነበሩ በየጠዋቱ የምንጀምረው በቀለጠው ብረት ነበር። በየቀኑ የመጀመሪያውን ጣልን፣ የቀረውን ጻፍን። በመዶሻውም የቀለጠው ብረት ደኅና ወጣ። ሪፖርቱን እኔ አዘጋጀሁ፤ ‹ሁለተኛው ዓይነት ይመረጣል› ብዬ ፈረምኩበት። ሐሙስ ይላካል ተባለ። መጀመሪያ የሚነጠፈውም በዚያው ዳገት፣ የእህቴ ባል በየማለዳው ባቡሩን በሚነዳበት መስመር ላይ ነበር።

ሰኞ ዕለት ውዳቂውን ወደ ማቅለጫ ለመላክ ሣጥኑን ስገለብጠው አንዳንዶቹ ስባሪዎች ዓይኔን ያዙት። ሌሎቹ ተቦጫጭቀዋል፣ ጎብጠዋል፣ የተሰበሩበት ፊታቸው ግራጫ ነው፤ ብረት ታግሎ ሲሸነፍ እንደዚያ ይሆናል። እነዚህ ግን እንደ ስኳር ድንጋይ ቀጥ ብለው የተሰበሩ፣ ፊታቸውም የሚያብረቀርቅ ነው። ይህ ደግሞ ከየት የመጣ ውራጅ ነው ብዬ የተቀረጸባቸውን ምልክት ባነብ፣ ስድስት ናሙና፣ ሁሉም የቀለጠው ብረት፣ ሁሉም የየቀኑ የመጀመሪያ። ሣጥኑን እንደያዝኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ማሽኑን ነበር። ግን የአሁኑ መዶሻ ዘይት የለውም፤ ተንጠልጥሎ የሚወርድ ብረት ምኑ ይሞቃል? ማሽኑ ካልሞቀ ጠዋት የሚሞቀው ምንድን ነው ብዬ አሰብኩ። ጠዋት ስንገባ ትንፋሻችን እንደ ጭስ ይታያል። ማሞቂያውን እንለኩሳለን፣ አንዱን ለማሽኑ እንመታለን፣ ሻይ ልንጠጣ እንሄዳለን። ስንመለስ ክፍሉ ሞቋል፤ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩት ናሙናዎችም አብረው ሞቀዋል። ለካ የምንጥለው ናሙና ብርዱን የቀመሰውን ብቻ ነው። ያን ጊዜ የእርስዎ ቃል መጣብኝ። መርማሪዎቹ ፊት ‹ዋዜማውን ደኅና የነበረ ብረት ሌሊቱን ብርዱ ነው የሰበረው› ሲሉ አንደኛው እየሳቀ ‹ብረት ደግሞ ይበርደዋል ወይ› ብሎዎት ነበር።

ለማረጋገጥ ብርድ አስፈለገኝ። ሻይ የምታፈላልን ሴትዮ የወተት ማቀዝቀዣ አላት። ከየዓይነቱ አሥር አሥር ናሙና በላስቲክ ጠቅልዬ ሳትሰማ ከወተቱ ጎን አሳደርኳቸው። ጠዋት ላወጣ ስል እጅ ከፍንጅ ያዘችኝና ‹ይህን የምታኝክ ሴት ማን ደፍሮ ያገባል› አለችኝ፤ ከእናቴ ጋር የተማከሩ ነው የሚመስሉት። ናሙናዎቹን እየሮጥኩ ወስጄ ሳይሞቁ መታኋቸው። ተራው ብረት ትንሽ ቢቀንስም ታገለ። ቅይጡን ብርዱ አላስደነገጠውም። የቀለጠው ብረት ግን አሥሩም እንደዚያው እንደ ስኳር ተሰበሩ፤ መዶሻው አንድም ነገር የነካ አይመስልም ነበር።

ከዚያ ወደ ጋሼ ልኬት መሄድ ነበረብኝ። ፈራሁ፣ ምን እደብቅዎታለሁ። ደንቡ የእሳቸው ነው፤ እኔ ደግሞ የኮንትራት ሠራተኛ ነኝ፣ ኮንትራቴም የሚታደሰው በእሳቸው ፊርማ ነው። ሪፖርቱን ይመልሱልኝ አልኳቸው፤ ለምን አሉኝ፤ ስባሪዎቹን ጠረጴዛቸው ላይ ደረደርኩ። ‹እነዚህ እኮ የማሽኑ ናቸው› አሉ። ማሽኑ ዘይት የለውም አልኳቸው። እስክሪብቷቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ከደኑ። በኋላ ‹ነገ ማንም ማሞቂያ እንዳይለኩስ› ብለው ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ።

በማግስቱ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ከሁላችን ቀድመው ገብተው አገኘኋቸው። ከቀለጠው ብረት ናሙናዎች ጠረጴዛው ላይ አሳድረው ኖሯል። በገዛ እጃቸው አንዱን አስቀመጡና መዶሻውን ለቀቁ። ተሰበረ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው። ሠራተኛው ሁሉ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ዙሪያውን ቆሟል። ጋሼ ልኬት ስባሪውን አንሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ፣ መነጽራቸውን አውልቀው አገላብጠው አዩት።

«ስንት ዓመት ነው ስንጥለው የኖርነው?» አሉኝ።

ሪፖርቱን ቀደዱት። ሐሙስ የሄደው አዲሱ ነው፤ ተራው ብረት ወፈር ተደርጎ ይሠራ፣ የቀለጠው ብርድ ባለበት መስመር አይነጠፍ ይላል። ደንቡም ቀርቷል፤ አሁን ሁሉም ይጻፋል፣ የክፍሉ ሙቀትም አብሮ ይጻፋል። እነሱ ይህን ሲያስተካክሉ እኔ ከቁም ሣጥኑ የዚያን ዓመት መዝገብ አወጣሁ። አቧራው አስነጠሰኝ። የእርስዎ አግዳሚ አለ፤ ቦታው፣ ቀኑ፣ ስምዎ። የተቆረጡት ናሙናዎች ስምንት ናቸው ይላል። የተጻፈው ውጤት ግን ከሁለት ይጀምርና ስምንት ላይ ያልቃል፤ ሁሉም ደኅና። ከሥሩ የጋሼ ልኬት ፊርማ አለ።

መዝገቡን ፊታቸው ዘርግቼ ይህ የቡድን አለቃ አባቴ ነው አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «የቅጥር ቅጽሽ ላይ ስሙን ሳየው አወቅሁሽ። እሱን ጥፋተኛ ነው ብዬ ነበር፣ ልጁ ግን ምን አደረገች ብዬ ቀጠርኩሽ።»

ቁጥር አንድ እንዴት እንደተሰበረ ጠየቅኳቸው። አስታውሳለሁ ብል ዋሸሁ፣ ዓይቼውም አላውቅም፣ ጥዬዋለሁ አሉ። ከዚያ ብረት የቀረ እንዳለ ጠየቁኝ። አለ አልኳቸው። ግማሹን ስባሪ እርስዎ በሰው አሸክመው አምጥተው ጓሮ የውሃ በርሜል አስቀምጠውበታል። እናቴ ‹ይህን የመከራ ብረት ከደጄ ያንሡልኝ› ስትል እርስዎ አልሰማ ሲሉ እልህ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው አንድ ቀን የሚመረምረው ይመጣል ብለው ነው።

መጥቷል እንግዲህ። ጋሼ ልኬት በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ራሳቸው መጥተው ይወስዱታል። በርሜሉን አስቀድማችሁ ባዶ አድርጉት። ብረቱን ማንም እንዳይቆርጠው፣ እሳትም እንዳይነካው፣ ሙቀት ጠባዩን ይለውጠዋል፤ እዚህ በቀዝቃዛ መጋዝ እኔው እቆርጠዋለሁ። ጠዋት በብርዱ ከተሰበረ፣ ያ ውሳኔ እንደገና እንዲታይ በስማቸው ይጽፋሉ። ሳይሰበር ቢቀርም እንደዚያው ይጻፋል፤ ይህን ነግረውኛል፣ እኔም ሌላ አልጠየቅሁም። ሰውየውን በደኅና ይቀበሏቸው። እርስዎ ፊት መቆም ከብዷቸዋል፤ ‹አባትሽ ቁጡ ናቸው ወይ› ብለው ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል። አይደሉም፣ ጉልበታቸው ሲነካ ብቻ ነው አልኳቸው።

እናቴን ‹ዓይንሽን፣ ግንባርሽን፣ መነጽርሽንም ጭምር ስሜያለሁ› በሏት። እህቴ የጠየቀችኝን ሹራብ ጀምሬዋለሁ፤ አንድ እጅጌ አልቋል፣ ሌላው እስኪያልቅ በአንዱ ትበርታ። ለባሏ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ የድሮው የብረት አግዳሚ ያልተነሣበት ቦታ ካለ በማለዳ ቀስ ብሎ ይንዳ፣ ማን ነገረህ ቢሉት የሚስቴ እህት ይበል። ልጃቸው የላከችልኝን ሥዕል ማሽኑ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ የሳለችው ሰውዬ ስድስት ጣት ቢኖረውም ጋሼ ልኬት ቆጥረው ዝም ብለዋል። ለቀድሞ የቡድንዎ ሰዎች፣ በሕይወት ላሉት ሁሉ፣ ሰላም በሉልኝ።

የቀረው ለእርስዎ ብቻ ነው፤ ይህን ጮክ ብለው አያንብቡት። ያን ዋዜማ ከትምህርት ቤት በስምንት ሰዓት ስመለስ መዶሻዎ ከበሩ ኋላ አልነበረም። ሌላ ቀን ለፍተሻ የሚወጡት በአሥር ሰዓት ነው። ‹ዛሬ በጊዜ ወጣ› ብዬ አስቤ ነበር፤ እንዳሰብኩም አስታውሳለሁ። መርማሪው መቼ እንደተመለሱ ጠየቀኝ፣ መለስኩ። መቼ እንደወጡ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። በኋላ ‹ማን አየህ› መባልዎን ስሰማ፣ አሁን ብናገር አባቷን ልታድን ትዋሻለች ይሉኛል ብዬ ፈራሁ፤ ቀን ቀንን ወለደና ቀረ። አድጌም ሰው ሁሉ ‹መስመሩን ሳያይ ነው የተመለሰው› ሲል አብሬ አመንኩ። የመዶሻውን ነገር እያወቅኩ አመንኩ። ያየሁትን አሁን ጽፌ፣ ፈርሜ ለጋሼ ልኬት ሰጥቻለሁ። ብረቱ የፈለገውን ይበል። ያየዎት ሰው ነበረ፣ አባዬ፤ እኔ ነበርኩ። ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ

ከሙከራ ክፍሉ፣ መስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ
ቅዳሜ፣ ጥር 18 ቀን